ለ4 ሜትር ጀልባ የሚሆን መልህቅ፦ ዓይነቱ፣ ኪሎው፣ ገመዱ

በሬሳ ዳር

ጤና ይስጥልኝ ወገኖች። ደብረ ብርሃን ያለን ጓደኛሞች በጋራ አንዲት የአሉሚኒየም ጀልባ ይዘናል። ርዝመቷ 4.2 ሜትር፣ ባዶ ክብደቷ 110 ኪሎ፣ ሞተሯ 15 የፈረስ ጉልበት ነው፤ ብዙ ጊዜ 3 ሰው ይሳፈርባታል። የምንፈልጋት ለመዝናናትና በመንጠቆ ዓሣ ለማጥመድ ነው። ዋናው መዳረሻችን ወሎ ያለው፣ ስሙም «ሐይቅ» የሚባለው ሐይቅ ነው፤ በጣርማበር ወርደን በሸዋ ሮቢትና በኮምቦልቻ 300 ኪ.ሜ ገደማ ስለሆነ በመኪና ጭነን እንወስዳታለን። በዓመት አንድ ሁለት ጊዜ ጣና ይኖራል። በተረፈ ፈቃድ በተሰጠን የመስኖ ግድብ ላይ እዚሁ አካባቢያችን እንቀዝፋለን።

የቀረን መልህቅ ነው። ገበያ ላይ ያየነው ባለ 4 ጥርስ ታጣፊ (1.5 ኪሎና 3.2 ኪሎ)፣ እንጉዳይ የሚመስል ድፍን 5 ኪሎ፣ እና ሁለት ሰፋፊ ክንፍ ያለው ጠፍጣፋ 4 ኪሎ ነው። አንዳንዱ ጓደኛችን ደግሞ «20 ኪሎ ድንጋይ በማዳበሪያ አስሮ መጣል ይበቃል» ይላል። ሰማያዊ የፕላስቲክ ገመድ 30 ሜትር አለን። የትኛውን እንግዛ? ሰንሰለት ግድ ነው? ወይስ እዚሁ በያጅ ዘንድ ማሠራት ይሻላል?

ጣርማበር

ወንድሜ፣ መጀመሪያ ድንጋዩን እናንሳ፤ እሱ ከገባችሁ ሌላው ይከተላል።

20 ኪሎ ጥቁር ድንጋይ ውሃ ውስጥ ሲገባ ውሃው ስለሚያነሳው 13 ኪሎ ገደማ ብቻ ይከብዳል። ሲሚንቶ የተሞላ ባልዲ ከክብደቱ ከመቶ 40 ያህሉን ያጣል፣ አሸዋ የሞላ ማዳበሪያም እንደዚያው። ብረት የሚያጣው ከመቶ 13 ብቻ ነው። ድንጋይ የሚይዘው በክብደቱና ከወለሉ ጋር በሚፈጥረው ሰበቃ ብቻ ስለሆነ ከ13 ኪሎ ያነሰ ጉተታ ያንሸራትተዋል። መሬት ውስጥ የሚገባ መልህቅ ግን የሚይዘው በላዩ ባለው አፈር ነው። 4 ኪሎ የሚመዝን ባለ ክንፍ መልህቅ ጥሩ አሸዋ ውስጥ ከገባ የክብደቱን 20 እና 30 እጥፍ ይይዛል።

ስንት ኪሎ ጉተታ ነው የሚመጣው? ለእናንተ ጀልባ ፊቷ ከነተሳፋሪው 1.5 ካሬ ሜትር ገደማ ቢሆን፣ በሰዓት 36 ኪ.ሜ የሚነፍስ ነፋስ ወደ 7.5 ኪሎ ይገፋል። ነፋሱ እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ስለሚሆን በ72 ኪ.ሜ 30 ኪሎ ይደርሳል። ጀልባዋ በመልህቁ ላይ ግራ ቀኝ ስትወዛወዝ ጎኗን ለነፋስ ትሰጣለች፣ ያኔ ቁጥሩ እንደገና ይታጠፋል። ይህ ሐይቅና ጣና ባሉበት ከፍታ የተሰላ ነው፤ አየሩ እዚያ ከባሕር ጠረፍ በአምስት አንድ እጅ ያህል ይሳሳል። በዚህ ላይ ሞገድ አፍንጫዋን ባነሳ ቁጥር የሚመጣ ድንገተኛ ምንጨቃ አለ፤ የሚያስነቅለውም በአብዛኛው እሱ ነው። ስለዚህ ከ100 እስከ 120 ኪሎ የሚችል አያያዝ አስቡ። ድንጋይ ከዚህ የትም አይደርስም።

ቀጥሎ የጉተታው አቅጣጫ። መልህቅ እንደ ማረሻ ነው፤ ወደ ፊት ሲጎተት ይጠልቃል፣ ወደ ላይ ሲነሳ ይወጣል። ስለዚህ ገመዱ ከወለሉ ጋር የሚሠራው ማዕዘን ትንሽ መሆን አለበት፣ ያ ደግሞ የሚገኘው ገመዱን በማስረዘም ነው። ስሌቱ እንዲህ ነው፦ የውሃው ጥልቀት ሲደመር አፍንጫዋ ከውሃው ያላት ከፍታ (የእናንተ ግማሽ ሜትር በሉት)፣ ድምሩ በ7 ይባዛል። 5 ሜትር ጥልቀት ላይ 5.5 በ7 ሲባዛ 38.5 ሜትር ይሆናል። የተወጠረ ገመድ በ7 እጥፍ 8 ዲግሪ፣ በ5 እጥፍ 11 ዲግሪ ተኩል፣ በ3 እጥፍ ደግሞ 19 ዲግሪ ተኩል ይነሳል። ቀን ላይ ዓሣ ስታጠምዱ፣ ሁላችሁም ጀልባዋ ውስጥ ሆናችሁ ነፋስ ከሌለ 5 እጥፍ ይበቃል። 3 እጥፍ ምሳ ለመብላት እንኳ አልመክርም።

የያዛችሁት 30 ሜትር ለ5 ሜትር ጥልቀት 5 እጥፍ ተኩል ያህል ነው፤ ችግሩ ግን ርዝመቱ ብቻ አይደለም። ሰማያዊው ገመድ ፖሊፕሮፒሊን ሳይሆን አይቀርም፣ ያ ደግሞ ውሃ ላይ ይንሳፈፋል። የተንሳፈፈ ገመድ ነፋስ ሲቀንስ ከጀልባዋ ስር ይገባና ሞተሩ ሲነሳ ፕሮፔለሩ ላይ ይጠመጠማል። ፀሐይም ቶሎ ያደርቀዋል፤ ላዩ ነጭ ዱቄት ማውጣት ከጀመረ አትመኑት። የሚያስፈልጋችሁ ከሦስት ልጥ (ወፍራም ፈትል) የተገመደ ናይለን ነው፣ ውፍረቱ 10 ሚ.ሜ። 8 ሚ.ሜም በጥንካሬ ከበቂ በላይ ነው፣ ግን እርጥብ እጅ ይቆርጣል። ናይለን ይሰምጣል፣ ሲወጠር ይለጠጣል፤ ያ መለጠጥ የሞገዱን ምንጨቃ ወደ መልህቁ ሳይደርስ ይውጠዋል። ሻጩ ምንም ቢላችሁ ጣት የምታህል ቁራጭ ቆርጣችሁ በብርጭቆ ውሃ ውስጥ ጣሉ። ከተንሳፈፈ ናይለን አይደለም። ቃጫ ገመድ ደግሞ ለዚህ ሥራ ፈጽሞ አይሆንም፣ እርጥብ ሆኖ ሲቀመጥ ከውስጥ ይበሰብሳል፤ ላዩን አይቶ ማወቅ አይቻልም።

ሰንሰለት ግድ ነው። 6 ሚ.ሜ ጋልቫናይዝድ፣ 4 ሜትር፤ በሜትር 0.8 ኪሎ ስለሚመዝን በድምሩ 3 ኪሎ ከምናምን ነው። ሁለት ሥራ አለው፦ የመልህቁን ዘንግ ወለሉ ላይ አስተኝቶ ይይዛል፣ ገመዱንም ከድንጋይ ስለት ያርቃል። ጣና ላይ የደሴቶቹ ዙሪያ ጥቁር ድንጋይ ስለሆነ ያለ ሰንሰለት ናይለን በአንድ ከሰዓት በኋላ ሊበላ ይችላል።

ርዝመቱን 50 ሜትር ገመድ ከ4 ሜትር ሰንሰለት ጋር አድርጉት። 54 ሜትር በ7 እጥፍ እስከ 7 ሜትር ጥልቀት፣ በ5 እጥፍ እስከ 10 ሜትር ያስኬዳችኋል። የጣና አብዛኛው ክፍል ከ10 ሜትር አይበልጥም፣ ጥልቁም 14 ሜትር ገደማ ነው። ሐይቅ ግን ሌላ ነው፤ ከዳር ትንሽ ራቅ ሲሉ ወለሉ ይሸሻል፣ መሐሉ ከ80 ሜትር በላይ ነው። 15 ሜትር ላይ ለመቆም 108 ሜትር ገመድ ያስፈልጋል፣ ስለዚህ እዚያ መልህቅ የሚጣለው ዳር ዳሩን ብቻ ነው።

ዓይነቱን በተመለከተ፣ ካያችኋቸው ውስጥ ሁለት ክንፍ ያለው ጠፍጣፋው 4 ኪሎ ለእናንተ ይሆናል። ዳንፎርዝ የሚባለው ነው፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ወታደር ዳርቻ ላይ ለሚያወርዱ የአሜሪካ ጀልባዎች የዋለ ንድፍ ነው። ለአሸዋና ለጠንካራ ጭቃ በክብደቱ የሚወዳደረው ጥቂት ነው፣ ተጣጥፎም ይቀመጣል። ድክመቱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ድንጋይ ላይና ወፍራም የውሃ አረም ላይ አይገባም፣ ይንሸራተታል። ሁለተኛ፣ ነፋሱ ዞሮ ከተቃራኒ ወገን ሲጎትተው ይነቀልና በክንፉና በዘንጉ መሐል ጠጠር ወይም እንጨት ከነከሰ ተመልሶ አይቀበርም። ስለዚህ ጀልባዋን ትታችሁ ወደ ዳር የምትወጡ ከሆነ አትተማመኑበት።

እንጉዳዩን ተዉት። እሱ ለስላሳ ደለል ውስጥ ለወራት ተቀብሮ ለሚቆይ ቋሚ ማሰሪያ ነው፤ ለአንድ ቀን በተጣለ ጊዜ ከድንጋዩ ብዙም አይሻልም።

ጓሳ

ሰላም ለሁላችሁ። ለግድብ ያን ያህል መጨነቅ ያስፈልጋል? ባለ 4 ጥርሱ ታጣፊ 3.2 ኪሎ በኪስ የሚገባ ያህል ነው፣ ርካሽም ነው፣ የግድብ ውሃ ደግሞ ሞገድ የለውም። ለሐይቅ የተባለው እንዳለ ሆኖ ለቤት አካባቢ እሱ ይበቃል ባይ ነኝ።

ጣርማበር

ጓሳ፣ ጥያቄህ ተገቢ ነው፣ ግን በግድብ ላይ ነው ታጣፊው ይበልጥ የሚከዳው። ጥርሶቹ ቀጫጭን ናቸው፤ የሚይዘውም ጥርሱ የሚቆነጥጠው ድንጋይ ወይም ሥር ሲያገኝ ነው። የእኛ ደጋ ግድቦች ወለል ዋልካ ነው፣ ከላዩም ክረምት በጎርፍ የመጣ ለስላሳ ደለል ተኝቶበታል። ቀጭን ጥርስ በዚህ ውስጥ እንደ ሹካ ያልፋል እንጂ አያርፍም። ለስላሳ መሬት የሚፈልገው ስፋት ያለው ክንፍ ነው። ሌላው ደግሞ የማጠፊያው ቀለበት ነው፦ ጥርሶቹን ከፍቶ የሚይዘው አንድ ተንሸራታች ቀለበት ስለሆነ፣ እሱ ከላላ ወለሉ ላይ ራሱን አጥፎ ይመጣል።

ሞገድን በተመለከተ፣ በበጋ ከሰዓት በኋላ የደጋው ነፋስ ሜዳ ላይ ያለ ውሃን በደንብ ያናውጣል። ሞገዱ አጭር ስለሆነ ያምታታል እንጂ ምንጨቃው አለ።

ታጣፊው ቦታ አለው፤ ለካያክ፣ ወይም ድንጋይ ባለበት ለአጭር ጊዜ፣ ወይም የጀልባዋን ኋላ ከዳር ላለማስጠጋት እንደ ሁለተኛ። ዋና መልህቅ ግን አይደለም።

ጠባሴ ብየዳ

በያጅ ዘንድ ስለማሠራት ለተጠየቀው። ይሠራል፤ ግን ዝም ብሎ ከፎቶ አይቶ የሚበየድ አይደለም። ሁለት ክንፍ ያለውን ለማሠራት ይህን መለኪያ ይዛችሁ ሂዱ።

ክንፎቹ ከ4 ሚ.ሜ ላሜራ ይቆረጣሉ፣ እያንዳንዱ ባለ ሦስት ማዕዘን፣ ርዝመቱ 32 ሴ.ሜ፣ ከኋላ ወርዱ 13 ሴ.ሜ። በ3 ሚ.ሜ አታሠሩ፤ ጫፉ ድንጋይ ሲነካ ይጠማዘዛል። በየክንፉ ጀርባ ላይ ከጫፍ እስከ ኋላ 8 ሚ.ሜ ብረት እንደ አከርካሪ ይበየድበት። ዘንጉ 10 በ40 ሚ.ሜ ጠፍጣፋ ብረት፣ ርዝመቱ 50 ሴ.ሜ። ማጠፊያው የሚዞርበት 16 ሚ.ሜ ልሙጥ ክብ ብረት ነው፣ ርዝመቱ 50 ሴ.ሜ፤ በሁለቱም ጎን ከክንፎቹ ትርፍ ብሎ መልህቁ በጎኑ እንዳይቆም ይደግፈዋል። ፌሮ አይሆንም፣ ጥርሱ ቀዳዳው ውስጥ ይነክሳል። በዘንጉ ጫፍ ይህ ክብ ብረት የሚያልፍበት ቀዳዳ 17 ወይም 18 ሚ.ሜ ይሁን። በዘንጉና በክንፎቹ መሐል በየጎኑ 3 ሚ.ሜ ያህል ክፍተት ተዉ፤ ከዚያ ከጠበበ ጠጠር ይነክሳል፣ ከሰፋ ደግሞ ይወላገዳል። ሁሉም ሲደመር ከታች ከምጠቅሳቸው ሁለት ሳህኖች ጋር 4 ኪሎ ከምናምን ይወጣል።

ብዙ በያጅ የሚስተው ማዕዘኑን ነው። ክንፉ ከዘንጉ በሁለቱም አቅጣጫ 32 ዲግሪ ድረስ ብቻ መከፈት አለበት። ፕሮትራክተር ከሌለ፣ ከማጠፊያው 20 ሴ.ሜ በዘንጉ ላይ ለኩ፤ እዚያ ላይ ክንፉ ከዘንጉ 12.5 ሴ.ሜ መራቅ አለበት። ይህ ለአሸዋና ለጠንካራ መሬት ነው። ለስላሳ ደለል ሰፋ ያለ፣ ወደ 45 ዲግሪ የሚጠጋ ይወዳል፤ ግን 45 ዲግሪ የሆነው ጠንካራ አሸዋ ላይ አይገባም፣ ጫፉን ተክሎ ይገለበጣል። ሐይቅም ጣናም ስለምትሄዱ 32ን ያዙ።

ሌላው የሚረሳው ከማጠፊያው ኋላ የሚበየዱት ሁለት ዘንበል ያሉ የ6 ሚ.ሜ ሳህኖች ናቸው። ዘንጉን በ32 ዲግሪ ላይ የሚያቆሙት እነሱ ናቸው፤ በተጨማሪም መልህቁ ወለሉ ላይ ሲጎተት መሬቱን ይነኩና ኋላውን ያነሳሉ፣ ጫፉም ወደ ታች ያያል። ያለ እነሱ ክንፎቹ ጠፍጣፋ ተኝተው እንደ ጣውላ ይንሸራተታሉ፤ መልህቁ ጥሩ መስሎ ሳለ አልይዝ የሚለው ብዙውን ጊዜ በዚህ ነው።

ብየዳው በሁለቱም ወገን ሙሉ ይሁን፣ በነጥብ በነጥብ አይደለም። ከተበየደ በኋላ ክንፎቹን በወፍራም እንጨት ላይ አስይዛችሁ በዘንጉ ቀለበት በኩል በፓራንኮ (በሰንሰለት ማንሻ) 150 ኪሎ ያህል ጎትቱት። ከታጠፈ ወይም ከሰነጠቀ እዚያው ይታወቃል። ከዚያ ቆሻሻውን በብሩሽ አራግፋችሁ ሁለት እጅ ዚንክ ያለው ፀረ ዝገት ቀለም ቀቡት። ንጹሕ ውሃ ላይ ዝገቱ ቀስ ያለ ነው፣ ግን ሻካራ ብረት በጭቃ ውስጥ አይንሸራተትም፤ ለስላሳ ክንፍ ቶሎ ይጠልቃል።

ለድንጋያማ ቦታ ደግሞ ከዚህ ጋር አንድ ሁለተኛ አሠሩ፤ ዋጋው ምንም አይደለም። 35 ሴ.ሜ የሆነ የውስጥ ስፋቱ 32 ሚ.ሜ የውሃ ቧንቧ፣ ውስጡ አምስት ባለ 10 ሚ.ሜ ፌሮ እያንዳንዱ 60 ሴ.ሜ ይገባና በአንድ ጫፍ ይበየዳል፣ በሌላው ጫፍ የቀረው 25 ሴ.ሜ ወጥቶ እንደ መንጠቆ ይታጠፋል። 3 ኪሎ ገደማ ይሆናል። 14 ሚ.ሜ ፌሮ አታድርጉ። የ10 ሚ.ሜ ጥርስ ድንጋይ ስር ከተያዘ ጠንከር ብሎ ሲጎተት ይቃናና ይለቃል፤ ቤት ገብቶ በመዶሻ ይመለሳል። 14 ሚ.ሜ ግን አይቃናም፣ ከነገመዱ እዚያው ይቀራል።

በሬሳ ዳር

ጋሼ እግዜር ይስጥልን፣ መለኪያውን እንዳለ ለበያጁ ሰጥቻለሁ። ጣርማበርም በጣም እናመሰግናለን።

የቀሩኝ ነገሮች፦ መልህቁን በተግባር እንዴት ነው የሚጣለው? ዓሣ ስናጠምድ ከኋላ ብናስረው ጀልባዋ ቀጥ ብላ ትቆማለች፣ ይህ ችግር አለው? ግድቡ ሲሠራ ያልተቆረጡ የባሕር ዛፍ ጉቶዎች ውሃው ስር አሉ፤ ቢያዝብንስ?

ሸዋ ሮቢት

የኋላውን አስቀድሜ ልመልስ፣ የሰው ሕይወት ያለበት እሱ ነው። መልህቅ ብቻውን ከኋላ አይታሰርም። የጀልባችሁ ኋላ ለሞተሩ ሲባል ዝቅ ተደርጎ የተቆረጠ ነው፣ የሞተሩ ክብደትም እዚያ ነው፣ ሾፌሩም እዚያ ይቀመጣል። ነፋስ ሲነሳ ገመዱ ያንኑ ጎን ወደ ታች ይጎትታል፣ ሞገዱም በቀጥታ በዝቅተኛው በኩል ይገባል። በአንድ ሞገድ የገባ ውሃ ጀልባዋን ያከብዳታል፣ ሁለተኛው ሞገድ ይጨርሳታል። አፍንጫዋ ግን ሞገድ እንድትሰነጥቅ ተብሎ የተሠራች ናት። ቀጥ ብላ እንድትቆም ከፈለጋችሁ ዋናውን ከፊት ጣሉ፣ ከያዘ በኋላ ሁለተኛዋን ትንሽ መልህቅ ከኋላ አላልታችሁ ጨምሩ፤ ነፋስ መነሳት ሲጀምር መጀመሪያ የምትወጣው የኋላዋ ናት። ገመዱን የምታስሩበት ቦታም ፊት ያለው ጠንካራ ማሰሪያ ይሁን፤ አሉሚኒየሙ ላይ በሪቬት ብቻ የተያዘ እጀታ ሳይሆን፣ በውስጥ በኩል ሰፊ ሮንዴላ ወይም የላሜራ ቁራጭ ገብቶለት በቡሎን የታሰረ።

አጣጣሉ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ወለሉን እወቁ። ግማሽ ኪሎ ብረት በክር አስራችሁ፣ ክሩን በየሜትሩ ቋጥራችሁ፣ ከብረቱ ስር ግራሶ ቀብታችሁ አውርዱ። ቱምቢው ጥልቀቱን ይነግራችኋል፣ ግራሶው ደግሞ ወለሉን ያመጣል፦ አሸዋ ከያዘ አሸዋ፣ ጥቁር ጭቃ ከያዘ ደለል፣ ንጹሕ ሆኖ ከወጣ ወይም ጭረት ካለበት ድንጋይ ነው። ድንጋይ ላይ ባለ ክንፉን አትጣሉ።

ከዚያ ልትቆሙበት ከፈለጋችሁት ቦታ አልፋችሁ ወደ ነፋሱ ሂዱ፣ የገመዱን ርዝመት ያህል። ፍጥነቱ ሲሞት መልህቁን በእጅ አውርዱት፤ አትወርውሩት። የተወረወረ መልህቅ ከራሱ ሰንሰለት ጋር ይጠላለፋል፣ ወርዋሪውም እግሩ በገመዱ ጥቅል ውስጥ ከሆነ አብሮ ይሄዳል። ወለሉን ሲነካ ነፋሱ ጀልባዋን ወደ ኋላ ይውሰዳት፣ ገመዱን እየለቀቃችሁ ተከተሉ። ሁሉንም በአንዴ ከለቀቃችሁ ሰንሰለቱ በመልህቁ ላይ ይከመራል። የጥልቀቱን 3 እጥፍ ስትለቁ ለአፍታ ያዝ አድርጉ፣ ክንፉ ይነክሳል። ከዚያ እስከ 7 እጥፍ ልቀቁና እሰሩ። በመጨረሻ ሞተሩን ወደ ኋላ በዝቅተኛ ጀምራችሁ ቀስ በቀስ ጨምሩ፣ ግማሽ ደቂቃ ያህል ይጎትት። ይህን ሳያደርጉ መልህቅ ተጥሏል ማለት አይቻልም፤ ወለሉ ላይ ተኝቷል እንጂ አልተቀበረም።

መያዙን በሁለት መንገድ እዩ። የተወጠረውን ገመድ በመዳፍ ያዙት፤ ቀጥ ብሎ ዝም ካለ ይዟል፣ እንደ መንቀጥቀጥ ካለው ወለሉ ላይ እየተጎተተ ነው። ከዚያ በጀልባዋ ጎን በኩል በዳር ያሉ ሁለት ነገሮች ምረጡ፣ አንዱ ከፊት አንዱ ከኋላው፣ ለምሳሌ ዛፍና ከጀርባው ያለ የቤት ጣሪያ። እስከተደራረቡ ድረስ ቆማችኋል። እየተለያዩ ከሄዱ እየሸሻችሁ ነው። እየሸሻችሁ ከሆነ መጀመሪያ ተጨማሪ ገመድ ልቀቁ፤ ካልረዳ አንሱትና እንደገና ጣሉ። የተነሳው ዋልካ ይዞ ከመጣ ሳታጥቡት አትመልሱት፣ በክንፉ ላይ የተለጠፈ ጭቃ ጫፉ እንዳይገባ ያደርጋል።

ሐይቅ ላይ አንድ ልዩ ነገር አለ። ወለሉ ከዳር ወደ መሐል ቁልቁል ስለሆነ፣ ነፋስ ከዳር ወደ መሐል የሚገፋችሁ ከሆነ መልህቁ ቁልቁለቱን ይዞ ይሸሻል፤ ትንሽ እንደሸሸ ጥልቀቱ ይጨምራል፣ የገመዱ እጥፍ ይቀንሳል፣ ከዚያ ጨርሶ ይለቃል። እንዲህ ባለ ቀን ገመዱን ዳር ካለ ጠንካራ ግንድ ጋር ማሰር ይሻላል። ነፋሱ ከመሐል ወደ ዳር ከሆነ ግን መልህቁ ሽቅብ ስለሚጎተት በደንብ ይቀበራል። ያኔ የሚያስጨንቀው ከኋላችሁ ያለው ዳርቻ ነው፣ ቢለቅ እንኳ ጊዜ እንዲኖራችሁ ርቃችሁ ቁሙ።

ጣና ላይ ደግሞ እምቦጭን ተጠንቀቁ። በነፋስ የሚነዳ የእምቦጭ ምንጣፍ የመልህቁ ገመድ ላይ ሲደገፍ ክብደቱ ከነፋሱ ይበልጣል፣ ሞተሩንም ያንቀዋል። እየመጣ ካያችሁት ሳይደርስ ቦታ ቀይሩ።

ለጉቶው ሁለት ዘዴ አለ፣ አንዱን ምረጡ። የመጀመሪያው ሁለተኛ ቀጭን ገመድ ነው፦ 6 ሚ.ሜ ገመድ በመልህቁ ኋላ፣ ማለትም በማጠፊያው በኩል እሰሩና ሌላውን ጫፍ በ5 ሊትር ባዶ ጀሪካን ላይ። ርዝመቱ ከጥልቀቱ በ2 ሜትር ይብለጥ። ሃይላንድም ያንሳፍፋል፣ ግን አንድ ሁለቱ ሞገድ ሲኖር ስለማይታዩ ጀሪካኑ ይሻላል። መልህቁ ከተያዘ ጀሪካኑን ይዛችሁ ወደ ኋላው ትጎትቱታላችሁ፣ በገባበት ይወጣል። ሁለተኛው ሰንሰለቱን ከዘንጉ ቀለበት ጋር ሳይሆን ከማጠፊያው ጋር በሻክል (በፒን በሚዘጋ ቅስት የብረት ማያያዣ) ማሰር ነው፤ ከዚያ ሰንሰለቱን በዘንጉ ይዛችሁ ጫፉ ላይ በቀጭን የፕላስቲክ ማሰሪያ አስሩት። በተለመደው ጉተታ ማሰሪያው ይችላል። ሲያዝባችሁ በትክክል ከመልህቁ በላይ ቁሙና ወደ ላይ ጎትቱ፤ ማሰሪያው ይበጠስና ጉተታው ወደ ኋላው ይዞራል። ይህኛው ለግድብ ጉቶ ጥሩ ነው፣ ግን ጀልባዋን ትታችሁ ለምትሄዱበት ወይም ለኃይለኛ ነፋስ አይሆንም፤ ማሰሪያው ሳትፈልጉ ከተበጠሰ መልህቁ ይለቃል።

የተያዘ መልህቅን ለማስለቀቅ ገመዱን አሳጥራችሁ አስራችሁ በሞተር አትመንጭቁ፣ በተለይ በጎን ወይም በኋላ በኩል። ጀልባዋ ትገለበጣለች። ገመዱን ፊት ላይ አስራችሁ መልህቁ ሲቀበር ከተጎተተበት አቅጣጫ በተቃራኒ በቀስታ ዙሩ። ካልሆነ ቁረጡት፤ ለዚያ የተሳለ ቢላ አፍንጫዋ አጠገብ ይንጠልጠል።

ጓሳ

ተቀብያለሁ፣ ታጣፊውን ለኋላ ሁለተኛ አደርገዋለሁ። አንድ ነገር ልጠይቅ፤ ገመዱን ከሰንሰለቱ ጋር በምን ዓይነት ቋጠሮ ነው የምታያይዙት? ሻክሉስ በራሱ አይፈታም?

ጠባሴ ብየዳ

ቋጠሮ የገመዱን ጥንካሬ እስከ ግማሽ ሊያወርደው ስለሚችል ከቻላችሁ ጫፉን ፈትታችሁ መልሳችሁ ጎንጉኑት፦ ሦስቱን ልጥ በየተራ ወደ ገመዱ ውስጥ እያስገባችሁ ቢያንስ 5 ዙር፣ ናይለን ስለሚያሟልጭ ከዚያ አያንስ። በጉንጉኑ ዓይን ውስጥ የብረት ቦይ ይግባበት፤ ሻክሉ ገመዱን ሳይሆን ብረቱን ይፈጫል። መጎንጎን የማያውቅ ሰው ገመዱን በሻክሉ ሁለት ጊዜ አዙሮ፣ ጫፉን በሁለቱ ዙር ውስጥ አሳልፎ፣ ከዚያ አንድ ተጨማሪ ቋጠሮ ይሥራ፤ ጫፉ ቢያንስ 15 ሴ.ሜ ይትረፍና በክር ከገመዱ ጋር ይታሰር።

ሻክሉ በራሱ ይፈታል፤ መልህቅ ከሚጠፋባቸው ምክንያቶች አንዱ እሱ ነው። በሰንሰለቱ ቀለበት የሚያልፈውን ትልቁን ሻክል ግዙ፣ ፒኑን በፒንሳ አጥብቁ፣ ከዚያ በፒኑ ዓይንና በሻክሉ አካል ዙሪያ ጋልቫናይዝድ ሽቦ ሁለት ዙር አስራችሁ ጫፉን ወደ ውስጥ እጠፉ፣ እጅ እንዳይወጋ። ሽቦውን በየዓመቱ ለውጡ። የገመዱ ሌላኛው ጫፍ ደግሞ ገና ጀልባዋ መሬት ላይ እያለች ከፊት ማሰሪያው ጋር ይታሰር፤ ሳይታሰር የተጣለ 50 ሜትር ገመድ መጨረሻው እንዴት እንደሚሆን ግልጽ ነው።

ገመዱን በየ5 ሜትሩ ምልክት አድርጉበት፣ ባለ ቀለም ጨርቅ በልጡ መሐል አሳልፉ፤ በጨለማም በእጅ ይዳሰሳል። ማስቀመጫው ስሩ የተበሳ የ20 ሊትር ባልዲ ይሁን፣ ገመዱ ከላይ እንደ መጣለት ይግባ እንጂ በክርን አትጠቅልሉት፤ የተጠቀለለ ገመድ ሲወጣ ይጠማዘዛል። መንገድ ላይ መልህቁን ከጀልባዋ ወለል ጋር እሰሩት፤ በጣርማበር ቁልቁለት ላይ ያልታሰረ 4 ኪሎ ብረት አሉሚኒየሙን ይበሳል።

ሸዋ ሮቢት

ለግድቡ የቀረ አንድ ነገር ብቻ። ከማስተንፈሻውና ከመስኖ ማውጫው በር ርቃችሁ ቁሙ፤ ከግድቡ አካል አጠገብም መልህቅ አትጣሉ። በሩ ሲከፈት ውሃው ወደዚያ ይስባል፣ የግድቡ ፊት ደግሞ በድንጋይ የተለበጠ ስለሆነ ክንፍ አይቀበርበትም። ከመግባታችሁ በፊት በሩን ለሚከፍተው ሰው የምትቆሙበትን ቦታና የምትወጡበትን ሰዓት ንገሩት። በጋ ላይ ውሃው ሲጎድል ጉቶዎቹ ስለሚታዩ፣ ያኔ ቦታቸውን በስልካችሁ ካርታ ላይ መዝግቡና በክረምት ሙሉ ሲሆን ተጠቀሙበት።